ገኒ የሚባለው ቅጠል

«ከንፈርህ አልተነቃነቀም» አለ ዐብዲራሕማን፣ አፉን ወደ ዐብዲገኒ ጆሮ አስጠግቶ።

«የምን ከንፈር?»

«ያንተ ነዋ፤ የግመል ይሆን እንዴ? ጀናዛው ላይ ሼኹ ‹አፉ በሏት፣ ይቅር በሏት› ሲሉ የመጣው ሰው ሁሉ ‹አፉ ብለናል› አለ። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። አንተ ጸጥ።»

ዐብዲገኒ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ እናቱ ደጃፍ ላይ መንገዱን ይዞ በተወጠረው ሸራ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጥፎ የቁጢ ብርጭቆውን በመዳፉ ያሽከረክራል። የተፈላው የቡና ቅጠል ከነወተቱ ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ ሠርቷል። የሞተችው ታናሽ እህቱ ሱሀይራ ናት። ደንጊ ነው አሉ። ትኩሳት ያዛት ሲባል ሰማ፤ ሄጄ አያታለሁ ሲል አረፈች ተባለ።

«የወንድም ሐቅ ይከብዳል፣ አቦ» አለ ዐብዲራሕማን። የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዛሬም ባጃጃቸውን አንድ ተራ ላይ ያቆማሉ። «እናትህ ብትሰማ...»

«ነግረሃታል።»

«እኔ? ወላሂ እኔ ለማንም...»

«ነግረሃታል፣ ዐብዲራሕማን።»

«ትንሽ ነው የነገርኳት።»

ወዲያው የሴቶቹ ክፍል መጋረጃ ገለጥ አለና እናቱ ዴቃ በጣቷ ጠራችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ አጠራሯ ግን ያው ነው፤ ልጅ ሆኖ ሰው መትቶ ሲገባ የምትጠራው አጠራር።

«ከዐስር ሶላት በኋላ ዱዓው ይዘጋል» አለችው። «ሸራው ይፈታል፣ ሰው ይበተናል። ልጄን እንዳሰርክብኝ ልትቀር ነው፣ ገኒ?»

«ምን አልኩ፣ ሆዮ?»

«ምንም አላልክም። እሱ አይደል ነገሩ?»

«እሺ። አፉ ብያታለሁ። ይኸው።»

«እንዲህ በጥርስ የተባለ ለሼኹ ይበቃ ይሆናል» አለች እናቱ። «ለኔ አይበቃኝም። ለሷም አይበቃት።»

መጋረጃውን ለቀቀችው። ዐብዲገኒ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል ይባላል። ዐብዲገኒ ግን የድሬ ሰው ነውና እንደ ጫት በጉንጩ ወትፎ፣ ጭማቂው ካለቀም በኋላ እያላመጠ ነው የኖረው። ደግሞ ብዙ ነበር የወተፈው። አባታቸው ከምድር ባቡር ተቀንሶ ቤት ሲውል፣ ደብተሩን አጥፎ ገበያ ሸክም የወረደው እሱ ነው፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበር። እህቱ ስትመረቅ «አንተ አንሳን» ብለው ስልኩን ያስያዙት እሱን ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ውስጥ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሱን አግጦ አለ፤ እሱ የለም። ሰው ይህን ቢሰማ «ታዲያ ምናለበት?» ይላል። የወተፈው ግን ያውቀዋል ምሬቱን።

ይህን ሁሉ ቢውጠው እንኳ የቅጠሉ ነገር አይዋጥለትም።

ሱሀይራ ሥራዋ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ቅጠል ትመረምራለች። አንድ ቀን «ይሄን ያህል ተምረሽ ቅጠል?» ብሎ ቢቀልድባት፣ እንደ ልጅነቷ አጠገቡ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አቦዌ» አለችው፤ በሶማልኛ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። «አባባ ብረቱ እንዳይዝግ ቅባት ይቀባ አልነበር? ሰውም ይዝጋል። ቅጠል ውስጥ ደግሞ ዝገቱን የሚከለክል ነገር አለ፤ ፌኖል ይሉታል። የቱ ቅጠል ምን ያህል እንዳለው እለካለሁ። በቁጢ ልጀምር ነው። እናታችን እስከ ዛሬ ምን እንዳጠጣችን እንወቅ!»

ደስ አለው። ሳይለምኑት ከደንገጎ በላይ ወዳለው የአክስታቸው ማሳ ወጥቶ ራሱ ለቀመላት። «ጥላ ላይ አድርቀው፣ ጠዋት ማታ አገላብጠው» ብላዋለች። እሱ ግን ቶሎ ሊያደርስላት ቸኮለ። ደግሞስ ኋላ ምጣድ ላይ ለሚቆላ ቅጠል ጥላ ምን ሊፈይድለት? እናቱም፣ የእናቱም እናት ቁጢያቸውን ቆርቆሮ ላይ ሲያሰጡ ነው ያደገው። እሱም ወጥቶ ጣሪያው ላይ፣ የድሬ ፀሐይ እንቁላል በሚጠብስበት ቆርቆሮ ላይ በተነው። ቅጠሉ ብስኩት ሆነ። በንጹሕ ጆንያ ቋጥሮ፣ ሸሚዝ ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ላቦራቶሪው ድረስ ወሰደላት።

ነጭ ካፖርት በለበሱ ሰዎች መሃል ጆንያውን ፈታችው። አንዱን ቅጠል አንስታ በጣቶቿ ፈረከሰችው።

«ወይኔ አቦዌ! ፀሐይ ላይ አሰጣኸው? ይሄማ ሞቷል፤ ምንም የለውም!»

ከነጭ ካፖርቶቹ አንዱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። የሰውየውን ሳቅ ረስቶታል፤ የሷ ነው እስከ ዛሬ ጉንጩ ውስጥ ያለው።

ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው ከ«ዒድ ሙባረክ» ያለፈ ወግ አልነበረም። እሷ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ታወራለች፤ እሱ ስልኩን ይነካካል። «አቦዌ፣ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ናልኝ፣ የማሳይህ ነገር አለ» ትለዋለች። «እኔ ቅጠል ገዳዩ ምን ላደርግ?» ይላታል። ስትስቅ ይብስበታል።

አሁን ሰው እየገባ እየወጣ፣ ቁርኣኑ በዝግታ እየተቀራ፣ ሳይፈልገው የድሮዋ ሱሀይራ መጣችበት። ክረምት ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ጥርሷን እያፋጨች እጁን የምትጨብጠው፣ ሲደርቅ ደግሞ አሸዋው ላይ እየተንከባለለች የምታስቸግረው። ከትምህርት ቤት መልስ የሚያልፉትን ቅጠል ሁሉ ትቀጥፋለች። «አቦዌ፣ ይሄስ ይበላል? ይሄስ ይገድላል?» እሱም ባያውቀውም ይመልስላታል። ከርከዴ ዘፍዝፋ ቀዩን ውሃ በለስላሳ ቆርኪዎች ትቀዳና ጣሪያው ላይ ትደረድራቸዋለች። የአንዱ ላይ አመድ፣ የሌላው ላይ ሎሚ። ሎሚውን ከሰው ግቢ የሚሰርቅላት እሱ ነበር። ቀለሙ ሲለወጥ ጣሪያው እስኪንጓጓ ትዘላለች፤ አባታቸው ከታች «ቤቴን አታፍርሱብኝ!» ይላል፣ ከምድር ባቡር በኩል የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል፣ እነሱ አፋቸውን ይዘው በደረታቸው ይተኛሉ። ጡሩምባውም ቀርቷል፣ አባትም የለም። ቆርኪዎቹን ማን እንደጣላቸው አያስታውስም።

ከዙህር ሶላት በኋላ የላቦራቶሪው ሰዎች መጡ። ይርገዱ የምትባለው፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ያጣፋችው፣ ከሱሀይራ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሠራች ናት። ነህምያ የሚሉት ጺማም ሰው በቅርቡ ነው የተቀጠረው። ገብተው እናቱን አጽናኑ፤ ወጥተው ከሸራው ሥር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ ለቅሶ ቤት ዝምታ ሲረዝም ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው፣ ስለ ሥራ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«የሽፈራው ቅጠል ገኒ ሆነብኝ እኮ» አለ ነህምያ።

«ጨርሶ?»

«ድርቅ ያለ ገኒ! እሷ ብትኖር በሳቅ ነበር የምትገድለኝ።»

ዐብዲራሕማን ጆሮው ቀጥ አለ። «ሽፈራው ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ። የጓደኛው ፊት ተለዋውጧል።

«ማን ነው ገኒ?» አለ ዐብዲገኒ። ሰው ሁሉ ዞረ።

ነህምያ ደነገጠ። «ይቅርታ ወንድሜ... ሰው አይደለም። ዝም ብሎ የላብ ቃል ነው።»

«የላብ ቃል? ላቡም የኔ ነው፣ ስሙም የኔ ነው! እናንተ ዘንድ የተበላሸ ቅጠል ገኒ ይባላል?»

«እኔ በሶማልኛ ‹ደረቅ› ማለት መስሎኝ ነበር...»

«ኧረ በዐረብኛ ‹ሀብታም› ነው» አለ ዐብዲራሕማን፣ ነገር ያበረደ መስሎት።

ዐብዲገኒ ተነሣ። እግሩ ጫማውን ይፈልጋል። ስሙን የቆሻሻ ስም አድርጋ፣ በየአፉ አስገብታ ነው የሞተችው! ለዚህ ነው አፉ በል የሚሉት? ይርገዱ እጁን ያዘችው።

«አቦዌ አንተ ነህ?» አለች።

በዚያ ስም የምትጠራው አንዲት ሰው ትናንትና አፈር ለብሳለች። ቆመ።

«ተቀመጥ። ግድ የለም ትሄዳለህ፤ ሰምተህ ሂድ። ያንን ጆንያ ሱሀይራ አልጣለችውም። ለካችው።»

«ምንም የለውም ብላኛለች።»

«ብላለች። ሲለካ አለው፤ ከጥላው በጣም ያንሳል፣ አልዋሽህም። ግን ጥሩው ቅጠል ብቻውን ምን ይነግርሃል? ከጎኑ የሚያስተያዩት ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ በየወቅቱ ሁለት ዓይነት ታመጣለች። አንዱን ጥላ ላይ ታደርቃለች፣ አንዱን ልክ አንተ እንዳደረግኸው ቆርቆሮ ላይ። ብልቃጡ ላይ ‹ገኒ› ብላ ትጽፍበታለች። እኛም ለመድነው።»

«ባዶውን በስሜ ጠራችው።»

«ማን ባዶ አለህ?» ተቆጣች ይርገዱ። «ስማኝ። አንድ ሐምራዊ ውሃ አለን። እሷ ‹ኩርፈኛው ውሃ› ነበር የምትለው። የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ስታደርግበት ሐምራዊው እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል። የጥላው ቅጠል ወዲያው ያስታርቀዋል። የገኒ ግን ይቆያል። እኛ የማሽኑን ንባብ ወስደን ብልቃጡን እንደፋለን። እሷ አትደፋም። የገኒን መስኮቱ ጋ አስቀምጣ፣ ሌላ ሥራዋን እየሠራች ዞር እያለች ታየዋለች። ‹ገኒ ቀስ ይላል እንጂ ይታረቃል› ትላለች። ቢጫው ብቅ ሲል ጮኻ ትጠራናለች፣ እንደ ልጅ።»

«ሙሉ ቢጫ ግን ሆኖ አያውቅም» አለ ነህምያ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ትንሽ ሐምራዊ ትቀርበታለች።»

ይርገዱ በክርኗ ጎሸመችው። ዐብዲገኒ ግን ራሱን ነቀነቀ። እውነት የመሰለው ይሄኛው ነው።

«የማሳይህ አለ ትለኝ ነበር» አለ።

«እሱን ነበራ!» አለች። «የዘንድሮውንም ከመታመሟ በፊት አስጥታዋለች። እናንተ ጣሪያ ላይ አይደል?»

ዐብዲገኒ በባዶ እግሩ ወደ ጓሮ ዞረ።

መሰላሉ ያው የአባቱ መሰላል ነው። ጣሪያው ላይ ከውሃው ሮቶ ጥላ ሥር፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ አንድ ረድፍ ቅጠል አረንጓዴነቱን ይዞ ተኝቷል። እልፍ ብሎ እርቃኑን በተሰጣ ቆርቆሮ ላይ ሌላ ረድፍ አለ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን ጠጠር ተደርድሮለታል። ጠጠሮቹ መሃል መሃል የለስላሳ ቆርኪ አለ። የዛገ።

ተቀመጠ። ቆርቆሮው አቃጠለው። ከዚህ ሲታይ የደቻቱ አሸዋ ነጭ ሆኖ ይብለጨለጫል፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።

የፀሐዩን ቅጠል ሰብስቦ ጥላው ሥር ሊያስገባው እጁን ዘረጋ፤ ተወው። ቦታው እዚህ ነው። እሷ ናት ያስቀመጠችው። አንዱን ቅጠል በጫፉ ይዞ፣ እንዳይፈረከስ ትንፋሹን ውጦ፣ ገለበጠው። ሆዱ ገና አረንጓዴ ነው። ሁለተኛውን ገለበጠ።

ከታች ዱዓው ተጀመረ። የሼኹ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይልና «አሚን» ይከተለዋል። ዐብዲራሕማን ሊጠራው መሰላሉን ወጣ፤ አንገቱ ከጣሪያው በላይ ብቅ ሲል ቆመ። ዐብዲገኒ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ቅጠሎቹ ላይ አጎንብሶ፣ አንድ በአንድ ያገላብጣል።

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ዐብዲራሕማን መሰላሉን ሳያንቋቋ ወረደ። መጋረጃው ሥር ቆማ በዓይኗ ለጠየቀችው እናት ምንም ሳይነግራት፣ ጣቱን አንስቶ ጣሪያውን አሳያት።