ስጋውን አትነካኩት

ጋሼ እኛ ቤት ከገቡ ጀምሮ ሰሃናቸው እንደሄደ ይመለሳል። ጋሼ የምላቸው የባሌን ታላቅ ወንድም ነው። ሾርባ ሠራሁላቸው፤ ቀመስ አድርገው "ጥሩ ነው" አሉና ገፋ አደረጉት። ድንች ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በቅቤ አለስልሼ አቀረብኩ። "ጥሩ ነው።" እንቁላል ጠበስኩ። "ጥሩ ነው።" ዕድሜያቸውን ሙሉ ስጋ ሻጭ ነበሩና ይህቺን "ጥሩ ነው" የት እንደለመዷት ባሌ ነግሮኛል። ደንበኛ ደረቅ ብልት ራሱ መርጦ "እንዴት ነው?" ሲላቸው የሚመልሷት ናት። ሰውየውን አታስቀይምም፣ ስጋውንም አታመሰግንም።

ሐኪሙ ግን እንደዚያ ለዘብ ያለ አልነበረም። ሆዳቸው ውስጥ መውጣት ያለበት እጢ አለ። ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ግን ከቆየ ይከፋል። አሁን ባላቸው ሰውነት ደግሞ ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም። "ኪሎ ካልጨመሩ ቢላ አላነሳባቸውም" አለና ቀጠሮ ሰጠን። ከክሊኒኩ ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ተደግፈው፣ "ቢላ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያወራም" አሉኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሳይሆን መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር የሚመስለው።

የሚያበላቸው እንግዲህ ማን ነው? እኔ ነኝ። ባሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እኔ ስነሳ እሱ ወጥቷል፣ እኔ ስመለስ እሱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወድቋል። አንዳንዴ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት ሳይ ነው ባል እንዳለኝ የማስታውሰው። እኔ ሆቴል ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። የእንግዳ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ፤ የማሽኑን ክዳን ወደ ታች ስጫን፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ሲወጣ፣ መልሼ ስጫን ይመሻል። ከዚያ ቤት ገብቼ መጥበሻ ፊት እቆማለሁ። ጋሼ ያልበሉትን እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ እጎርሳለሁ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ አውቀዋለሁ። ይሄን መድከም አልለውም። መድከም እኮ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን ሾርባውን ገፋ አድርገው ሲያበቁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

"ሱቅ ሳለሁ ምሳዬ ቁርጥራጭ ነበር። ከየብልቱ የተረፈውን እፈጫለሁ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ እጠብሳለሁ፣ ዳቦ መሃል አስገባዋለሁ። በርገር ነው የሚሉት ልጆቹ። ወዙ እስከ ክንዴ ይወርድ ነበር።" የገፉትን ሾርባ አዩት። "እሱ ቢሆን።"

ያቺ "እሱ ቢሆን" ቤታችንን ገለበጠችው። ባሌ ከእንቅልፉ ተነስቶ ሰምቷት ኖሮ በሩ ላይ ቆሟል። "እኔ እሠራዋለሁ" አለ፣ ዓይኑን እያሸ።

በዕረፍት ቀኑ ክብ ክብ ዳቦ ራሱ ጋግሮ መጣ። እስከ ክርኑ ታጠበ። የተፈጨውን ስጋ ሳህን ውስጥ ገለበጠና፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ጨው ጨምሮ ማሸት ያዘ። አቤት ማሸት። በመዳፉ ይገፋል፣ ያጥፋል፣ ያዞራል፣ መልሶ ይገፋል። ትከሻው ሁሉ አብሮ ይሠራል። ስጋው መጀመሪያ እንደ ስጋ ነበር፤ በኋላ እጁ ላይ እየተለጠፈ መሳብ ጀመረ።

"አየሽ፣ ተያያዘ" አለኝ በኩራት።

ሲጠበስ ተሰብስቦ ኳስ ሆነ። ጋሼ በአዲሱ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ቆርሰው ማኘክ ጀመሩ። እኛ እያየናቸው አኘኩ፣ አኘኩ፣ ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዛወሩትና ደግሞ አኘኩ። በመጨረሻ ሶፍት አነሱና አፋቸውን የሚጠርጉ መስለው ተፉት። "ጥሩ ነው" አሉ።

ባሌ ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ። "ምን አጠፋሁ?"

"ዳቦ ጋገርክ" አልኩት።

ተቀየመኝ። እንዲያውም ከእሱ የተሻልኩ መስሎኝ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ እኔ ገባሁበት። ማሸት የለም አልኩ። ሽንኩርትም እንቁላልም የለም። ስጋውን ድብልብል አድርጌ መጥበሻው ላይ አስቀመጥኩት፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አላጠፋሁም። ከዚያ መገልበጫውን ያዝኩና ተጫንኩት። ቺስ አለ። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ ማሽኑም እንደዚያው ነው የሚለው። መልሼ ተጫንኩት፣ ደግሞ ቺስ። ወዙ መጥበሻው ላይ እየፈሰሰ፣ እየጨሰ፣ እየጠፋ፣ እኔ እጫናለሁ። እጄ አያቆምም፤ ማንም አላዘዘው፣ ቀኑን ሙሉ የለመደውን ይሠራል። ሲወጣ እንደ ታጠፈ መሀረብ እኩል፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነገር ሆነ። ጋሼ አንዴ ነከሱት፣ ውሃ ጠየቁ፣ "ጥሩ ነው" አሉ።

ባሌ ተራው ደርሶለት፣ "አንቺ ደግሞ ተኮስሽው" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ቆሽቴ አረረ። መገልበጫውን መታጠቢያው ውስጥ ወረወርኩትና፣ "በቃ፣ ከፈለጉ ይብሉ፣ ካልፈለጉ ይተዉት" አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ግድግዳችን ስስ ነው። ጋሼ እንደሰሙኝ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ከማዶ ይሰማ የነበረው ሳላቸው ድንገት ቆመ።

በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ባሌ ተኝቷል። ፀሐይዋ ገና በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል አለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተፈጨ ስጋ አለ፤ ምን ቆርጦኝ እንደገዛሁት እንጃ። አውጥቼ አስቀመጥኩትና ዝም ብዬ አየሁት። እጄን ላነሳው አልቻልኩም። እግሬ ከጫማዬ በላይ አብጧል። ቀጠሮው እየደረሰ ነው፣ ጋሼ እየቀለሉ ነው፣ እኔም ለማንም የሚሆን ጉልበት አልቀረኝም።

ጋሼ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ወጥ ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ወረቀቱን ገለጥ አድርገው ስጋውን አዩት።

"ከየት ቦታ ነው?"

"ከትከሻው አለኝ ሻጩ። ጮማውን አውጣልኝ አላልኩትም፣ ረስቼው።"

"ጥሩ ነው" አሉ። ደነገጥኩ። የእውነት ነበር ያሉት።

እጄን ወደ ስጋው ስልክ፣ "አትንኪው" አሉኝ። "ባልሽም አይንካው። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።"

እጃቸውን አየሁት። ሱቁን የዘጉት በዚህ እጅ ምክንያት ነው። መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ቢላውን ጠቅልለው አስቀመጡና ዳግመኛ አልፈቱትም። አሁንም ሲታጠቡት ውሃው ከመዳፋቸው ላይ እየዘለለ ይወርድ ነበር። "ተቀመጡ ጋሼ፣ እኔ..." ስላቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ከስጋው ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ያ እጅ መጭመቅ አይችልም፤ ማሸትማ ጭራሽ። ስጋውን እንደነገሩ ሰብሰብ አደረገው እንጂ አላስጨነቀውም። ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል፣ ክቡም ክብ አይደለም፤ ትንሽ ቢንቀሳቀስ የሚበተን ይመስላል። አውራ ጣታቸውን መሃሉ ላይ አሳርፈው ጎድጎድ አደረጉት። "አለዚያ ሆዱ ይነፋል" አሉ። ጨውን ከላይ የነሰነሱት መጥበሻው ግሎ ሲያበቃ ነው፤ በእሳቸው እጅ መነስነስ ደግሞ ምንም ልፋት አይጠይቅም፣ ራሱ ይነሰንሳል። ራሳቸውም አውቀው ፈገግ አሉ።

"ለዚህ ሥራ ጉልበት ጠላት ነው" አሉኝ። "ወጣት ሳለሁ እኔም አጥብቄ ነበር የምይዘው፤ ድርቅ ይልብኝ ነበር።"

መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ሽታው ተነሳ። እጄ መገልበጫውን አንስቶ ወደ ታች ሲሄድ ልብ አላልኩትም። የእጅ አንጓዬን ያዙኝ። አያያዛቸው ጥንካሬ የለውም፣ እንደዚያም ሆኖ ቆምኩ።

"ተይው። ወዙ የሱ ነው፣ ለመጥበሻው አታውጪለት።"

አንዴ ብቻ ገለበጡት። ዳቦውን ከፍለው በውስጡ በኩል መጥበሻው ላይ ደፉት፤ የፈሰሰችውን ጥቂት ወዝ መጠጠ። ስጋውን ሰሃን ላይ አወጡና፣ እኔ ዳቦው ውስጥ ላስገባው ስቸኩል፣ "ገና ነው፣ ይረፍ" አሉ። "አሁን ከቆረስሽው ሁሉም ሰሃን ላይ ይቀራል። እስከዚያ ተቀመጪ።"

"እቆማለሁ ጋሼ፣ ግድ የለም።"

"ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሲቀበለኝ ወገቤ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሁለት በርገር ሠርተዋል። አንዱን ከፊቴ አደረጉ፣ ሌላውን ይዘው ማዶ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። አይበሉም።

"ይብሉ እንጂ" አልኳቸው።

"አንቺ ጀምሪ።"

"ለእርስዎ ነው እኮ የተሠራው።"

"አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም" አሉ፣ ቁጣ የለበትም። "ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ምድጃ ጋር ቆመሽ ስትጎርሺ በበሩ በኩል አይሻለሁ። ሰው ቆሞ እያየኝ ምግብ በጉሮሮዬ አይወርድም። እኔ ራሴ ለሰው ማዕድ ስቆርጥ ቆሜ ነው ያረጀሁት፤ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።"

"እኔ እኮ ምግቡ ያስጠላዎት መስሎኝ..."

"የባልሽንማ ጠልቼዋለሁ።"

ሳቅኩ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸና እንባ ሆነ። "ደክሞኛል ጋሼ" አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

"አውቃለሁ። ስመጣ ከነበርሽው ቀንሰሻል። ለእኔ ኪሎ ስትፈልጊ የራስሽ አለቀ።" ስጋ ቆርጠው ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ መቀነስም መጨመርም አያስፈልጋቸውም ነበር ይባላል። በዚያው ዓይን ነበር የሚያዩኝ። "ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ነከስኩት። እንዲያ የላላ ነገር አልጠበቅኩም፤ አፌ ውስጥ ተበተነ፣ ወዙ በአገጬ ወርዶ እጄ ላይ ደረሰ። ጋሼ እስክውጥ ጠበቁና የራሳቸውን በሁለት እጃቸው አነሱ። እየተንቀጠቀጠ አፋቸው ጋር ደረሰ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ሳያወሩ እስከ መጨረሻው በሉት። "ጥሩ ነው" የምትለዋን አልሰማኋትም።

ባሌ በስጋው ሽታ ነቅቶ መጣ። ሁለታችንንም ተቀምጠን፣ አፋችን እስከ ጆሯችን ወዝቶ ሲያየን በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ የተረፈውን ስጋ አየና እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። "አትንካው" አልነው እኩል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ ወጣ። ቆሞ የሚበላ የለም። እኔ በዕረፍቴ፣ ባሌም ከሥራ ሲመለስ፣ ጋሼ ስጋውን ይሰበስባሉ፣ እኛ እንጠብሳለን፣ ቁጭ ብለን እንበላለን። ባሌ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መጠበቅ ለምዷል፤ እኔም መገልበጫውን ከያዝኩ ሌላውን እጄን ወገቤ ላይ አደርጋለሁ። ድካሙ አልሄደም። አንሶላው እዚያው ነው፣ እንፋሎቱም። ብቻ ማታ ማታ ወንበር አለኝ።

ቀጠሮው ደረሰና ክሊኒክ ሄድን። "አባባ፣ ጫማዎን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ይውጡ" አለቻቸው ነርሷ። ወጡ። ነርሷ የሚዛኑን መርፌ ጎንበስ ብላ አየች፣ ያለፈውን ውጤት አየች፣ ደግማ መርፌውን አየች። "ሐኪሙ ያለውን አልፈዋል" አለች። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጋሼ ከሚዛኑ ወረዱ። ጫማቸውን ግን አላነሱም።

"አሁን ደግሞ እሷን" አሉ።

ነርሷ ግራ ገባት። "ታካሚው እርስዎ ነዎት እኮ አባባ።"

"አውቃለሁ። እሷን ግን የመዘናት ሰው የለም።"

እንቢ ልል ነበር፤ ተውኩት። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወጣሁ። ነርሷ መርፌው እስኪቆም ስትጠብቅ ጋሼ ከሩቅ ሆነው ኪሎዬን ተናገሩ። ነርሷ ጎንበስ አለች፣ አነበበች፣ ቀና ብላ አየቻቸው። ልክ ነበሩ።

"ወደ ድሮዋ ገና ይቀራታል" አሏት። "ለእሷም ቀጠሮ ስጫት።"

ነርሷ ሳቀች። እኔ ጫማዬን እንዳቀፍኩ ሚዛኑ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ መርፌውም ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር።