ኮራ የተባለው ፀጉር አስተካካይ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ «ጨዋታው» ይለዋል። ምላሱ ከመቀሱ እኩል የሚሮጥ፣ ደንበኛውን እያሳቀ ጢም የሚላጭ ሰው ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ወሬ ተነሳበት፦ ኮርቷል። መንገድ ላይ እጅ ሲያነሱለት እንዳላየ ያልፋል አሉ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ከደጃፉ ሁለት ጊዜ እጁን አንስቶለት መልስ ሲያጣ፣ ሦስተኛውን ሰላምታ ለራሱ አስቀረው።

ወሬው ጆሮው ሲደርስ መጀመሪያ ገረመው፣ ኋላ ተቀየመ። እሱ እንደሚያውቀው ማንንም አልዘጋም። እርግጥ የበሩ መቃን ግራ ትከሻውን መምታት ጀምሯል። ሚስቱ በዚያው በኩል ያስቀመጠችለትን ብርጭቆም ደጋግሞ ደፍቷል። እሷ ልብህ የት ነው ትለዋለች፤ እሱ በድካም ያመካኛል።

ነገሩ እንዲሁ ተድበስብሶ ሊቀር ነበር፣ ታላቅ እህቱ ባትደውል። መነጽር ልትቀይር ሄዳ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም አለብሽ ተብላለች፤ በዘር ስለሚሄድም ወንድምሽ ይታይ ብለዋታል። ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። ከጆሮ ጀርባ አንዲት ፀጉር የማታመልጠው ሰው ምን ዓይኑን ይመረመራል?

«እኔም እስከ ትናንት መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር» አለችው። «አያምም እኮ። ሳታውቀው ነው የሚጨርስህ። ለእኔ ስትል ሂድ።»

«እሺ እትዬ» አላት፤ ሄደም። የግድግዳውን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር አንበለበላቸውና ልቡ ሞላ። የዓይኑን ግፊት ለኩ። ከዚያ አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፈው፣ መሐል መሐሉን እያየ በየትኛውም በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ነገሩት። ትንሽ ተጫነ፤ ከዚያ ብልጭታው ጠፋ። መሣሪያው ተበላሸ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ነርሷ እየሠራ ነው አለችው።

ሐኪሟ ውጤቱን በሥዕል አሳየችው። የግራ ዓይኑ ሥዕል ከዳር ጀምሮ ጠቁሯል። የዓይኑ ግፊት ነርቩን ቀስ በቀስ ጎድቶታል፤ መሐሉ ስለተረፈ ግን የዳሩ መጉደል አልታወቀውም።

«የሄደው ይመለሳል?»

«አይመለስም። የቀረው እንዳይሄድ ግን እንሞክራለን።»

ማታ ማታ የሚደረግ ጠብታ ታዘዘለት። ሲመለስ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ነገረው። ልብስ ሰፊው ያማውን ሁሉ አስታውሶ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያየው ድምፁን አሰምቶ ነው ሰላም የሚለው።

ጠብታውን መጀመሪያ ሰሞን አክብሮ ያዘው። ውሎ አድሮ ግን እይታው እንዳለ ስለሆነበት፣ ዓይኑንም ስለቆጠቆጠው፣ ለማንም ሳይናገር ተወው። በቀጠሮው ቀን ግፊቱ እንደገና ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሟ አልተቆጣችም።

«ለምን ተውከው?»

«ምንም ለውጥ አላየሁበትም።»

«እንዳለ መቆየቱ ነው ጥቅሙ። ከቆጠቆጠህ ንገረኝ፣ ሌላ እሰጥሃለሁ።»

ሌላ ሰጠችው፤ ይኸኛው ተስማማው። ለሚስቱ ያኔ ነበር በግልጽ የነገራት። ሚስቱ ትንሽ አልቅሳ፣ ወዲያው ሴት ልጃቸውን ይዛ ለምርመራ ሄደች። የልጅቱ ዓይን ደህና ነው፤ ሆኖም በየዓመቱ እንድትታይ ታዘዘች። ልጅቱ ለሚቀጥለው ዓመት ከወዲሁ ቀጠሮ አስይዛ ወጣች።