አስራ ሁለተኛው ሰው

እኛ የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ሰዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረውን የፓርቲያችንን ዕጩ የምንመርጠው ቆመን ነው። ሳጥን የለም፤ መጋረጃ የለም። በጥር ብርድ ወደ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ እንገባለን፣ ለወደድነው ሰው በተሰጠው ጥግ እንቆማለን፣ እንቆጠራለን። ጎረቤትህ ያይሃል። ያበደረህ ሰው ያይሃል። ሚስትህም ከሌላው ጥግ ሆና ታይሃለች።

በዚያ ዓመት ማርሊስ ኡበን ለሴናተሩ ቆመች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን የምታርሰው ብቻዋን ነው። አንድ የቧንቧ ኩባንያ መጥቶ መሬቷን መሐል ለመሐል ሊቆርጠው ነበር፤ ብትፈርምም ባትፈርምም። ከዕጩዎቹ መሐል መሬት በግድ መውሰድ ይቅር ያለው ሴናተሩ ብቻ ነው። እሷ ግን ያሰበችው ቀረብ ያለ ነገር ነው። ጥጓ ከሞላ ወደ አውራጃው ጉባኤ አንድ ተወካይ ይልካል። ተወካይዋ ራሷ ትሆናለች። እዚያ ቆማ ስለ ቧንቧው ትናገራለች። የአውራጃው ሹማምንት ያንን ጉባኤ ይፈሩታል። ጠበቃ ሞክራለች፣ ደብዳቤ ሞክራለች። የቀራት ይህ ነበር።

የመሬት ጎረቤቷ የገዛ ወንድሟ ሃርላን ነው። እሱ ለኩባንያው ፈርሟል። ቧንቧው በእሷ መሬት ካላለፈ ግን ወደ እሱ አይደርስም፤ ክፍያውም ይቀርበታል። ሃርላን የሌላው ዕጩ፣ የአገረ ገዢው፣ ጥግ አለቃ ነበር።

እኔ ከማርሊስ ጋር ቆምኩ። ቧንቧው በእኔ በኩል አያልፍም። ትክክል ስለነበረች ነው የቆምኩት።

ስብሰባውን የመራችው የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው ቪቪያን ናት። ወንበር ላይ ወጣችና ጮኸች፦

«ሰማንያ ነን! አስራ ሁለት ያልሞላው ጥግ ይፈርሳል። ቁጥራችሁን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን አታንሾካሹኩብኝ!»

ተራ በተራ ጠራን። እኔ ዘጠኝ አልኩ። ማርሊስ አስራ አንድ አለች። ከአጠገቧ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሽማግሌው ጌርሃርድ ብድግ ብሎ «አስራ ሁለት!» ሲል የቅርጫት ኳሱ መረብ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

«ቀስ ይበሉ ጌርሃርድ፣ ኮርማ እየተጫረቱ ነው እንዴ?» አለች ቪቪያን።

«ኮርማ ቢሆን ከዚህ በላይ እጮህ ነበር!»

አዳራሹ ሳቀ። ማርሊስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

የቀረው ዕጩ፣ የጄኔራሉ፣ ጥግ ስድስት ብቻ ሆኖ ፈረሰ። ጥጉ የፈረሰበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ እስኪወስን ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይቆጠራል። ይህ ጊዜ ሰው ማግባቢያ ነው። ማርሊስ ወደ ስድስቱ ሄደች። እኔ ቡና ልቀዳ ተነሣሁ።

ሃርላን ወደ እኛ አግዳሚ ሲመጣ አየሁት። ጌርሃርድ ፊት በርከክ አለ።

«በረዶው ጠንክሯል፣ ጌርሃርድ። መኪናዎን አስነሥቼ አሙቄልዎታለሁ።»

«እንደገና አይቆጥሩም?»

«እርስዎ ተቆጥረዋል እኮ! ማን ያልሰማ አለ?»

«አዎ፣ ጮኼ ነው የተናገርኩት» አለ ጌርሃርድ፣ ደስ ብሎት።

ሃርላን ካፖርቱን አለበሰው። ቁልፎቹን ከታች እስከ ላይ ቆለፈለት። ክንዱን ይዞ ወሰደው። ቃሉን አልሰማሁም፤ በኋላ ጌርሃርድ ራሱ ነው የነገረን። ያየሁት ካፖርቱን ነው። መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መሰለኝ። ሁሉም አይቷል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚደግፍን ሰው ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው።

ሁለተኛው ቆጠራ ማርሊስ ላይ ደረሰ። «አስራ አንድ» አለች። አግዳሚው ባዶ ነበር።

ሮጣ ወጣች። ስትመለስ ፀጉሯ ላይ በረዶ ነበር።

«ሄዷል» አለች። «ቪቪያን፣ ሄዷል። ተንቀሳቃሽ ስልክም የለውም።»

«የኔ እመቤት፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አለች ቪቪያን፤ ፊቷ ቀልቷል። «አንድ ሰው አምጪልኝ። ማንንም አምጪ። እጠብቅሻለሁ።»

ስድስቱ ቀድመው ወደ አገረ ገዢው ሄደዋል። ማርሊስ የልጅነት ጓደኛዋን ላቮንን ከዚያ ጥግ ጠራቻት።

«ለአንዲት ደቂቃ ነይልኝ፣ ላቮን። ተቆጥረሽ ትመለሻለሽ።»

«ማርሊስ፣ ታውቂያለሽ እንደምወድሽ። ባሌ ግን እያየኝ ነው።»

«ይይሽ እንጂ!»

ላቮን የጫማዋን ጫፍ አየች። የትናንት ኬክሽ እንዴት ይጣፍጥ ነበር አለቻት።

ማርሊስ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ከስልሳ በላይ ሰው አለህ፣ ሃርላን። አንድ ስጠኝ።»

«ሰው ላም ነው እንዴ የምሰጥሽ?»

«ጌርሃርድን ወስደህብኛል።»

«ደክሞት ነበር። ሽማግሌ በዚህ በረዶ አግዳሚ ላይ አስቀምጠሽ ታመሺያለሽ እንዴ? እፈሪ እንጂ!»

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሃርላን ጋር በመስማማት።

«የካፖርቱን ቁልፍ ስትቆልፍለት ሁሉም አዩህ» አለች ማርሊስ በቀስታ። «አባታችን እጁ ሲያብጥ አንድ ቀን እንኳ ቆልፈህለት አታውቅም።»

ሃርላን ዞሮ ወደ እኛ ጥግ ተጣራ፦ «ኑ እንጂ፣ ብስኩት አለን!»

ጥጋችን ፈርሷልና ሰዎቻችን ሄዱ። አንድ በአንድ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ ክንዷን እየዳበሱ። ይህ ሁሉ ትሕትና የከፋ ነበር። እኔና እሷ የትም ሳንቆጠር ቀረን። በእነዚያ ሰዎች የአገረ ገዢው ጥግ አንድ ተወካይ ተጨመረለት፤ ለቦታው ሃርላንን መረጡት። አጨበጨቡለት።

በማግስቱ መንገዷን ልጠርግላት ሄድኩ። ወጥ ቤት ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጌርሃርድ ነው፤ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ይጮሃል፤ ከወንበሬ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁት።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ! አስራ ሁለት ብዬ አሞላሁልሽ አይደል?»

«አሞሉልኝ፣ ጌርሃርድ።»

«ወንድምሽ ‹ተቆጥረዋል፣ ቤትዎ ይግቡ› አለኝ። መኪናዬን አሙቆ፣ ካፖርቴን ቆልፎ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት አለ? ጉባኤው መቼ ነው የምትሄጂው?»

ማርሊስ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ።

«የሚሄደው ሃርላን ነው።»

«እሰይ! ከሥጋ ዘመድ የሚሻል የለም። እሱ ይናገርልሻል።»

«አዎ» አለች። «አመሰግናለሁ፣ ጌርሃርድ። ብርድ እንዳይመታዎት።»

ስልኩን ዘጋች።

«ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

«ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ኤኖ። ምን ያደርግበታል?»

ቡናዬን ቀዳችልኝ። በረዶው ሲቀልጥ የኩባንያው ቀያሾች ወደ መሬቷ መጡ። ሃርላን ከፊት ከፊታቸው እየሄደ በየት በኩል ገብተው መቁረጥ እንደሚቀላቸው ያሳያቸው ነበር።