የሁለተኛው አንባቢ ስም

የትርጉም ሰብሳቢው አንድ ሕግ ነበረው፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላው ሳያነበው ከፕሮግራሙ ጥቅል አይገባም። ያወጣው ራሱ ነው። ስንቱን ቸኳይ በዚህችው ሕግ ጸጥ አሰኝቷል።

ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብና የሚያስጽፍ፣ በጎ ፈቃደኞች ሠርተው ለማንም በነፃ የሚሰጡት ነው። አዲሱ እትም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ትርጉሙ ሰማንያ በመቶ ያልሞላለት ቋንቋ ከጥቅሉ ይወጣል፤ የእነሱ ሠላሳ አንድ መስመር ጎድሎታል። ከወጣ የዓይነ ስውሯ ታላቅ እህቱ ኮምፒውተር በማታውቀው ቋንቋ ይለፈልፍባታል። እህቱ ደግሞ በዚሁ ፕሮግራም የሟች እናታቸውን ወግ ከትዝታዋ እየቀዳች መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። «ይሄ ማሽን ካንተ ይሻላል፤ ሲጠሩት አቤት ይላል» ትለዋለች።

ሠላሳ አንዱን መስመር ብቻውን ተርጉሞ ወደ ትርጉሙ ሠንጠረዥ ገለበጠና፣ ሆስፒታል ለተኙት ሁለተኛ አንባቢ፣ ለጡረተኛው መምህር ደወለ።

«ላክልኝ ልጄ። ነገ ሻል ሲለኝ አየዋለሁ።»

«ነገ አይደርስም፣ መምህር።»

«እንግዲያው ይቅር። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ለሚቀጥለው እትም ይደርሳል፤ ሰማይ አይደፋም።»

«እሺ፣ እግዜር ይማርዎት» ብሎ ዘጋ። የአንባቢውን ስም የሚሞላው ሰብሳቢው ነውና የመምህሩን ስም ሞላ፤ «ታይቷል» ብሎ ምልክት አደረገ፤ አማተበና ላከው።

መምህሩ በሳምንቱ አረፉ። ከቀብር በተመለሱ በሦስተኛው ቀን እህቱ ጠራችው።

«የእማዬ ወግ የለም።»

«እንዴት የለም?»

«‹አስቀምጥ› አለኝ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።»

የሚመለስበትን መንገድ ሁሉ ሞከረ፤ አልተመለሰም። የትርጉሙን ሠንጠረዥ ሲከፍት ገባው። ሲገለብጥ አንድ ባዶ ረድፍ ተውጦ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ተንሸራቷል። የማጥፊያው ቁልፍ «አስቀምጥ» ይላል። አንዴ ያነበበ ሰው ያየው ነበር። ያገኘውን ለእህቱ ነገራት።

«ሳይነበብ አይወጣም ትል የለ? ማነው ያነበበው?»

እጇን ሰዳ ሠንጠረዡ ላይ የአንባቢውን ስም የሚያስነብበውን ቁልፍ ራሷ ነካች። ማሽኑ የመምህሩን ስም ጥርት አድርጎ ጠራላት።

እህቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «ምስኪን፣ በዚያ ሕመማቸው! ነፍሳቸውን ይማር። እኔስ ይቅር ብያቸዋለሁ።» ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «አንተም እንዳትቀየማቸው።»

ዝም ቢል እዚያው ያልቃል።

«እትዬ፣ እሳቸው አላዩትም» አለ። «አላይም ብለውኝ ነበር። ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ቀብራቸው ላይ ስታለቅስ እጅህን ይዤህ ነበር» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ዝጋው። እሱንም፣ በሩንም።»