የሽንኩርቱ ገጽ

በማተሚያ ቤታችን ከአራሚዎች ክፍል እስከ ትልቁ ማሽን ድረስ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ደንብ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ "ይታተም" ብለው የፈረሙበትን ወረቀት ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ ግን ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥ ይከበር ነበር። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው አራሚ ከፊርማ በኋላ አንዲት ፊደል በማስተካከሉ ወደ ወረቀት መጋዘን ተዛውሯል ይባላል። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መጋዘኑ ግን ከክፍላችን ቀጥሎ ነው፤ ሰውየውም በየማለዳው ብቅ እያለ ሰላም ይለናል።

ያን ጊዜ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። የቋሚነት ደብዳቤዬ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ሥራውን አጥብቄ የፈለግሁት ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በዚያ ቀን የአራተኛ ክፍል የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ማሽን ሊገባ ሲል የተፈረመበትን ቅጂ ገጽ እንድቆጥር ተሰጠኝ። አንብቢ አልተባልኩም፤ ቁጠሪ ነው የተባልኩት። የአራሚ ዓይን ግን ቁጥር ብቻ አይቶ አያልፍም። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ፣ "እጅ የመታጠብ ጥቅም" ከሚለው ትምህርት ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

"ዛሬ ስትመጣ ሳሙናና ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንዳትረሳ። ሽንኩርቱን እያገላበጥክ ምረጥ፤ ያለፈው ግማሹ የበሰበሰ ነበር። ደግሞ እናቴ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነኝ እያልክ አትዝጋባት። እሁድ ቀን የምን ስብሰባ ነው?"

ከሥሩ ሁለት ሥዕሎች አሉ። በስተግራ ደህና ሽንኩርት፣ በስተቀኝ የበሰበሰ ሽንኩርት። ከሥዕሎቹ በታች መልመጃ፦ "፩. ሽንኩርት ስንገዛ ምን ማድረግ ይገባናል? ፪. እሁድ ቀን ስብሰባ አለ ወይስ የለም? ምክንያታችሁን አስረዱ።"

አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ። ዓይኔ እንባ እስኪያቀር መሳቅ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ጽሑፉን በኮምፒውተር ወደሚያቀናብሩት ሴትዮ ሄድኩ። ቤቱን ከማንም በፊት የሚያውቁ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

"እትዬ፣ ይችን ገጽ አይተዋታል?"

"እንዴታ! ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት። 'ሽንኩርት' ላይ አንድ ፊደል ስቼ አስተካክያለሁ።"

"ይሄ እኮ ከቤት የተጻፈ መልእክት ነው።"

መሳቢያቸውን ከፍተው ዋናውን አወጡልኝ። ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሴት እጅ የተጻፈ። በላዩ ላይ ሥራ አስኪያጁ በቀይ "ይታተም" ብለው ፈርመውበታል። ስልክ እያወሩ የቀረበላቸውን ሁሉ እንደሚፈርሙ የማያውቅ የለም።

"አየሽ?" አሉኝ እትዬ ፊርማውን በጣታቸው እየነኩ። "ይሄ ካለበት ሽንኩርትም ትምህርት ነው፣ ልጄ።"

ሥዕሎቹን የሣለው ሰዓሊ ከጀርባችን ሳቀ። "እኔማ መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅክም?"

"ኧረ ጠይቄአለሁ! የበሰበሰው በግራ ይሁን በቀኝ ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።"

"በቀኝ አልኩት" አሉ እትዬ።

"መልመጃውስ?"

መልመጃውን ያወጣው አርታኢ ከወረቀቱ ቀና ሳይል መለሰልኝ። "መልመጃ የሌለው ገጽ አይታተምም የሚል መመሪያ አለ።"

ከታች ማሽኑ ለሙከራ ሲሽከረከር ተሰማ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ እጃቸው ማስነሻው ላይ ነው፤ ሃያ ሺህ ቅጂ ሊያትሙ ነው።

"ጋሼ፣ ትንሽ ያቆዩልኝ፣ ስሕተት አለ።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በእኔ።"

"አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?" ክፋት የለባቸውም፤ የምር ጠየቁኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የዘይት ቆርቆሮ አነሡ። "ማቆም አልችልም። ዘይት ለመቀባት ግን የማንም ትእዛዝ አያስፈልገኝም። አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል። ዛሬ ምናልባት አሥራ አምስት።"

ደረጃውን አሁን አንድ በአንድ ወጣሁ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ቁጠሪ ተብዬ ቆጥሬአለሁ፤ ስልሳ አራት ገጽ፣ አልጎደለም። እትዬም ሰዓሊውም አርታኢውም እኔን የሚመስሉ ደህና ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም ሞኝ አይደሉም። የፈራሁት ይህንኑ ነው። አንድ ዓመት ብቆይ እኔም በቀኝ ወይስ በግራ ብዬ የምጠይቅ ሰው እሆናለሁ።

ሥራ አስኪያጁን በሌሉበት ነጎድጓድ እንላቸዋለን፤ አጭር ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ሦስት ክፍል ይሻገራል። ስልክ ላይ ነበሩ። ደብዳቤዬ ከክርናቸው ሥር ተቀምጧል። ወረቀት መያዜን ሲያዩ እስክሪብቷቸውን ዘረጉ።

"የቱ ጋ ነው?"

"አይፈርሙ። ያንብቡት።"

ስልኩን ዘጉ። መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ፤ ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡ።

"ይሄ የባለቤቴ ጽሑፍ ነው።"

"አዎ።"

"ለካ እዚህ ገብቶ ነው! ወረቀቱ ጠፋብኝ ስላት አላመነችኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ኩርፊያ ላይ ነን።" ወዲያው ሥዕሉን አዩት። "ስንት ሰው አይቶታል?"

"ከእኔ ጋር አራት።"

"አራት ሰው! አንድ እንኳ ይሄ ምንድን ነው የሚል ጠፋ?"

"እርስዎ ፈርመውበታል።"

እንደሚጮኹ ጠብቄ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልጮኹም። ስልክ አንሥተው ማሽኑ እንዲቆም፣ ገጹም እንዲወጣ አዘዙ፤ ከዚያም እጃቸውን ደብዳቤዬ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ እዚህ መሆኑን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"አልፈራሽም?"

"ፈርቻለሁ።"

እስክሪብቷቸውን አንሥተው ሊፈርሙ ካሉ በኋላ ገታ አደረጉት። መነጽራቸውን አስተካክለው ደብዳቤውን ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ያዙ። ቆሜ ጠበቅሁ።

"እዚህ ጋ ወይዘሪት ይላል። ወይዘሪት ነሽ ወይዘሮ?"

"ወይዘሮ።" ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ።

ሠርዘው በራሳቸው እጅ አረሙና ፈረሙበት።

በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ ያልገባውን ነገር ሳይጠይቅ እንዳያልፍ በጥብቅ ታዝዟል።" ቁጣቸው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ይታይ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን በራቸው ላይ ረጅም ሰልፍ ተሠራ። ጋሼ የዘይት ቆርቆሯቸውን እንደያዙ መጥተዋል፤ ሰዓሊው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቷል፤ እትዬ ከሁሉም ፊት ናቸው።

"ምን ሊጠይቁ ነው፣ እትዬ?"

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። ብቻ ታዘናል።"

ነጎድጓድ በሩን ከፍተው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት። "ምንድን ነው ይሄ? ሁላችሁም ወደ ሥራችሁ!"

ሰልፉ በአንድ ጊዜ ተበተነ። እኔም ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ፤ አልዋሽም። ዞር ስል እትዬ ካሉበት አልተነቃነቁም። ሠላሳ ዓመት ከሠሩበት ቤት፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው፣ አለቃቸውን ሽቅብ ያያሉ።

"ለምን?" አሏቸው።

 ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ገለል ብለው ወንበር ሳቡላቸው።