የሁለት ሳምንት እንቅልፍ

ልጄን አስም ከያዛት አራት ዓመት ሆነ፤ እኔና እንቅልፍም ከተኳረፍን እንደዚያው። ሰባት ዓመቷ ነው። ከማነሷ የተነሳ ድንቢጥ እንላታለን። አባቷ የሌሊት ጥበቃ ስለሚሠራ ሌሊቱ የእኔ ነው። ደረቷ ሲር ሲር ሲል እሰጋለሁ፣ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል፤ ተነስቼ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ቀን የደንብ ልብስ በምሰፋበት ቤት፣ የስፌት መኪናው ሲቆም እንኳ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አይወጣም።

አንድ ቀን የሸሚዝ እጅጌን ከኪስ ጋር አጋብቼ ቁጭ አልኩ። አለቃችን ሸሚዙን አንስቶ፣ "ይሄን የሚለብሰው ሰው እጁን ከኪሱ ላያወጣ ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ያን ቀን ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። ሲያፍናት ተነስታ ቁጭ ትላለች። ስለዚህ ጠንካራ የቁልፍ መትከያ ክር ወስጄ አንዱን ጫፍ እጇ ላይ፣ ሌላውን ጣቴ ላይ አሰርኩ። ቁጭ ስትል ክሩ ይጎትተኛል፤ ነቅቼ የሚነፋውን መድኃኒቷን ከአልጋው አጠገብ ካለው መሳቢያ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ሦስት ሌሊት ጎተተኝ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ዝም አለ።

ተኛሁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቤቱ ቢቃጠል በማልሰማበት እንቅልፍ ተኛሁ። ፊቴ ወዛ፤ የሥራ ጓደኞቼ "ምን ተገኘ?" እያሉ አሾፉብኝ። ልጄ ተሻላት ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

በቀጠሯችን ቀን ሐኪሟ፣ "ሌሊት ስንቴ ነቃች?" ስትል ጠየቀችኝ።

"አንዴም! ድናለች እኮ" አልኩ አፌን ሞልቼ።

"እንግዲያው መድኃኒቱን እንቀንስላታለን" ብላ ብዕሯን አነሳች። ከመጻፏ በፊት ግን ማዳመጫውን የልጄ ደረት ላይ አደረገች፤ ጀርባዋንም ደጋግማ አዳመጠች። "እህቴ፣ ይሄ ደረት አንቺ የምትዪውን አይልም።"

ድንቢጥ ጫማዋን ጫማዋን ታያለች።

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አለች። "ክሩን አልጋው ላይ አስሬ ወጥ ቤት እሄዳለሁ። ሳስል እንዳትሰሚኝ አፌን በፎጣ እይዛለሁ።"

"መድኃኒቱስ?" አልኳት።

"መሳቢያው ሲከፈት ይጮኻላ። ትነቂያለሽ።"

"ለምን እናቴ? ለምን እንደዚህ ታደርጊያለሽ?"

"ለአባዬ በስልክ፣ 'እንቅልፍ ካላገኘሁ መሞቴ ነው' ስትዪው ሰምቻለሁ።"

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። እኔ ያን ሁሉ የጠገብኩትን እንቅልፍ እዚያው ባስመልሰው በወደድኩ።

መድኃኒቱ ተጨመረ፤ ክሩንም ጣልኩት። ማታ አጠገቤ አስተኝቻት፣ "ሲያፍንሽ ካልቀሰቀስሽኝ ነው የምሞተው" አልኳት። እሺ አለችኝ። አላመንኳትም፤ እሷም አላመነችኝም። መብራቱን አጥፍቼ፣ እንዳትሰጋ ብዬ የውሸት ማንኮራፋት ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ በመስኮቱ ብርሃን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ መተኛቴን ታዳምጣለች።