ሽጉጡ ያላወቀው ጣት

ዶሬን ሆስቴተር ያንን ሽጉጥ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ አላመነችውም። እውነቱን ለመናገር ሻጩንም፣ አጠገቧ የቆመውን ባሏንም አላመነችም። ባሏን ማመን ካቆመች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ከሜርል ቀብር ወዲህ።

ሜርል ከባሏ ከኤልዉድ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ጡብ የደረደረ ግንበኛ ነበር። በቀብሩ ላይ ፓስተሩ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ቀልዱ፣ አጋዘን ሲያድን ስለነበረው ትዕግሥት ብዙ ተናገረ። እንዴት እንደሞተ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ለቀስተኛውም አልጠየቀም፤ ያልሰማ ሰው አልነበረማ። በገዛ ሽጉጡ ነው። ኤልዉድ ሬሳ ሣጥኑን ተሸክሞ፣ አፈር አልብሶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቀረበለትን የድንች ሰላጣ በልቶ ቤቱ ገባና ዝም አለ። ዝም ማለት ለኤልዉድ አዲስ ነገር አይደለም፤ አርባ ዓመት አብራው ኖራለች፣ ዝምታውን በየዓይነቱ ታውቀዋለች። ይሄኛው ግን የማታውቀው ነበር።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላ ለመነችው። «ምኔን ሊያየኝ?» አላትና ፊቱን አዞረ። ሲቸግራት ዘዴ ፈጠረች። የልጅ ልጆቻችን ለገና ይመጣሉ፣ ቤቱ የጦር ግምጃ ቤት መስሎ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም አለችው። የአደን ጠመንጃዎቹን ወንድሟ ጭኖ ወሰዳቸው። አንድ ሽጉጥ ግን ሳይኖር ቤት ቤት አይሆንም ብሎ ኤልዉድ ድርቅ አለ። ስለዚህ የድሮውን ሰጥቶ ጋዜጣ ላይ ያየችውን አዲሱን ዓይነት፣ የባለቤቱን የጣት አሻራ ካላወቀ አልተኩስም የሚለውን እንዲወስድ ተስማሙ። ዶሬን በልቧ የያዘችው ሌላ ነበር። እንዲህ ያለ ረቂቅ ዕቃ መቼም ሳይበላሽ አይቀርም፣ ባትሪውም ያልቃል፣ በሚያስፈልግበት ቀን እምቢ ይላል ብላ ነው። ብልሽቱን ተማምና ሽጉጥ ያስገዛች ሴት በመላው ፔንሲልቬንያ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

የዊልበር የጦር መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ምድጃውን ከበው የሚውሉ ጡረተኞች አሉ። ምንም አይገዙም፣ አስተያየት ግን አያልቅባቸውም። አንደኛው ይህን ዕቃ መንግሥት ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ እንደ መብራት ያጠፋዋል አለ። ሌላው ሌባ በመስኮት ሲገባ ቆየኝ ቻርጅ ላድርግ ልትለው ነው ወይ ብሎ ኤልዉድን ጠየቀው። ኤልዉድ ራሱ አሻራዬን የት ነው የምትልኩት እያለ ዊልበርን ሲያፋጥጠው ቆየ። ዊልበር የትም እንደማይሄድ፣ እዚያው ሽጉጡ ውስጥ እንደሚቀር ማለለት። እንደሚምል ሻጭ ደግሞ የሚያስጠረጥር የለም።

ከዚያ ምዝገባ ተጀመረ። የዶሬን ጣት በአንድ ጊዜ ገባ። የኤልዉድ ግን ሃያ ጊዜ ተሞክሮ በመከራ ተመዘገበ፤ ከተመዘገበም በኋላ እጀታውን ሲጨብጠው ሽጉጡ ቀይ መብራት አበራ። ደገመው፣ አሁንም ቀይ። ዊልበር የኤልዉድን መዳፍ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ኖራና ሲሚንቶ የላሰው፣ ጡብ የሞረደው የጣት ጫፍ ነው፤ አሻራው ተፍቆ አልቋል።

ዊልበር አፈረ። «ኤልዉድ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ይኼ ዕቃ አያውቅህም። ሌላ ልስጥህ» አለው።

ኤልዉድ ቀዩን መብራት ትክ ብሎ አየው። ጡረተኞቹ ይስቃሉ። «እሱኑ እወስደዋለሁ» አለ።

ዶሬን ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጠረች። ጫማ እንኳ በእግሩ ሳይለካ የማይገዛ ሰው፣ የማያውቀውን ሽጉጥ ምን ሊያደርግለት ነው የገዛው? ጥያቄው እስከ ቤት ድረስ አብሯት ተጓዘ፣ ቤት ገብታም አልለቀቃት። ለማንኛውም ብላ ጥይቶቹን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ሥር ደበቀቻቸው።

ገና አለፈ፣ የልጅ ልጆቹም መጥተው ሄዱ። ጥር ሲገባ ውርጩ ጠናና ሥራ ቆመ። በውርጭ ሲሚንቶ አይዝም፤ ግንበኛ ሁሉ እስከ መጋቢት ቤቱ ይቀመጣል። ኤልዉድም ተቀመጠ። በመስኮት ያያል፣ ግን የሚያየው ነገር የለም። ዶሬን ጓዳ ስትገባ ጆሮዋን እሱ ዘንድ ትታ ነበር የምትገባው። ስትመለስ ወንበሩ እንዳልተንቀሳቀሰ፣ ሽጉጡ ያለበት የቁም ሣጥን በር እንዳልተነካካ ታጣራለች። እንዲህ መሆኗ ያሳፍራታል፤ ግን አላቆመችም።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ ከትከሻዋ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አራገፈላት። የሱፍ ሹራብ ለብሳ ነበር። በዚያ ሻካራ እጁ ሱፍ በነካ ቁጥር ክሩ ይያዝበታል፣ ስንት ሹራብ ነው የመዘዘባት። አሁን ግን መዳፉ ለስልሶ አለፈ። ስንጥር የገባብህ መሰለኝ ብላ እጁን ያዘችና ጣቱን አየችው። ጫፉ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተመልሰው ክብ ክብ ሠርተዋል። ሥራ የፋቀውን ዕረፍት መልሶ አብቅሎታል። ዶሬን ዓይኗን ወደ ቁም ሣጥኑ በር ላከች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወተት ልገዛ ብላ ወጥታ በቀጥታ ዊልበር ዘንድ ሄደች። የኤልዉድን ጣት ከሽጉጡ ላይ እንዲያጠፋላት ጠየቀችው። ዊልበር ከላይ እስከ ታች አያት። ኤልዉድ ያውቃል ወይ አላት፤ አያውቅም አለችው።

«እንግዲያውስ አይሆንም» አለ ዊልበር። «ዕቃው የሱ ነው፣ እሱ ራሱ ይምጣ። ዶሬን፣ ልትፈቺው ነው እንዴ? ወይስ ሌላ ያሰብሽው ነገር አለ?»

«አንተ ደግሞ ስታስብ የምታስበው ይኼንን ነው።»

«በዚህ በር ስንት ሚስት ገብታለች መሰለሽ።»

ዶሬን ወደ ጡረተኞቹ ዞር ብላ አየች። በመጨረሻ «እንደ ሜርል እንዳይሆንብኝ ነው» አለች።

ዊልበር መነጽሩን አወለቀ። ጡረተኞቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ነበር፤ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለሜርል የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ይኼኛውን ሸጬለት ቢሆንስ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ግን ምን ዋጋ አለው? ልጅ ቢያነሣው እምቢ ይላል፣ ሌባ ቢያነሣው እምቢ ይላል። የሜርል ጣት ግን የሜርል ነው፣ እሺ ነበር የሚለው።» መነጽሩን መልሶ አደረገና «ሂጂ፣ ሽጉጡን አሁኑኑ አምጪልኝ» አላት።

ወተቱን ረስታ ቤት ገባች። ኤልዉድ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጧል፤ ሽጉጡ ፊቱ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጥይቶቹ እስከነሳጥናቸው አሉ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር።

«ዛሬ አወቀኝ» አላት።

ዶሬን በሩን ተደግፋ ቆመች።

«ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን ልታበይ ስትወጪ ጣቴን አስነካዋለሁ» አለ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ። «ቀይ ይላል። ቀይ ሲል መልሼው ቡናዬን አፈላለሁ። ጥይቱ የት እንዳለ ከደበቅሽበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ዛሬ አረንጓዴ አለ። አስቀመጥኩትና አንቺን መጠበቅ ጀመርኩ።»

«ለምንድን ነው የገዛኸው?»

«ዊልበር አያውቅህም ሲለኝ ነው የገዛሁት። ለልጆቹ ፈራሁ ስትይኝ ያመንኩሽ መስሎሻል? ያንቺን ፍርሃት አይቼዋለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር።»

ተናደደች። ሁለት ወር ሙሉ በሩን ስታጣራ፣ ወንበሩን ስትለካ፣ እሱ አንድ ብረት ሲያማክር ነበር የከረመው። በጥፊ ልትለው እጇ ተነሣና መልሳ አወረደችው።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ኤልዉድ?»

«እሱ እምቢ ይለኛል፣ በቃ። አንቺ ግን ታለቅሻለሽ።»

በእርግጥም እያለቀሰች ነበር። እያለቀሰች ሽጉጡንና ጥይቶቹን ለየብቻ ጠቅልላ ወደ ጎረቤታቸው ቤት ሮጠች፤ ዊልበር መጥቶ እስኪወስዳቸው ቆልፋችሁ አቆዩልኝ አለች። ለምን ብለው አልጠየቋትም። ስትመለስ ኤልዉድ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም፤ እጆቹን ግን ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ ዘርግቷቸዋል። ስልኩን አንሥታ የሐኪሙን ቁጥር መምታት ጀመረች። ምኔን ሊያየኝ እስኪል ጠበቀችው። አላለም።

«ዶሬን» አላት።

«አቤት።»

«ለነገ ቢልሽ እሺ እንዳትይው። ዛሬ በይው።»